ፍሬ አላፈሩም ስለተባሉት ሰማንያ አራት ሙዞቼ

ሆሳዕና፣ ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጓሮ ልማት ዲጂታል ምዝገባ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንድነቅለው የታዘዝሁትን ሙዝ ፈልጌ ማጣቴን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦችና በተለይም ለሲስተሙ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ሲስተሙን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰሞኑን ሦስት ጊዜ በባጃጅ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሁለቱን ጊዜ «ሲስተሙ ታሟል» ተብዬ ተመልሻለሁና፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ተሽሎት እንደሚያገኙት ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ገነቴ ጠና እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆሳዕናና በአካባቢዋ ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከከተማው ዳር ባለችኝ ጓሮ እንሰት እየተከልሁ የምኖር ሴት ነኝ። ነበርሁ ብል ይሻላል፤ ከታኅሣሥ 27 ቀን ጀምሮ በጽሕፈት ቤትዎ ክብ ማኅተም የተረጋገጥሁ ሙዝ አምራች ሆኛለሁና። የደረሰኝ ደብዳቤ እንደሚያስረዳው፣ በጓሮዬ የሚገኙት ሰማንያ አራት የሙዝ ተክሎች ለአራት ተከታታይ ዓመታት አንድም ፍሬ ስላልሰጡ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ነቅዬ በአቮካዶ ችግኝ እንድተካቸው፣ ይህን ሳላደርግ ብቀር ግን ጽሕፈት ቤቱ የራሱን ቡድን ልኮ አስነቅሎ ቦታውን ለክላስተር እርሻ እንደሚያውለው ታዝዣለሁ። ቀነ ገደቡ ጥር 12 ነው።

ትእዛዝ ማክበር ልማዴ ስለሆነ በማግስቱ ማለዳ ቆንጨራዬን ይዤ ሙዝ ፍለጋ ጓሮ ገባሁ። ጎረቤቴ ትርፌም ሱቋን ዘግታ አብራኝ ፈለገች፤ በጉራጌ አገር እንሰት ሥር ያደገች ናትና ዓይኗን አምነዋለሁ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ከአጥር እስከ አጥር ሙሉ ጠዋት ፈልገን አንድ የሙዝ ግንድ አላገኘንም። ያገኘነው ሰማንያ አራት እንሰት ብቻ ነው። ስለዚህ የጠፋውን ሙዝ በማፈላለጉ ረገድ ጽሕፈት ቤትዎ እንዲተባበረኝ እየጠየቅሁ፣ በዚሁ አጋጣሚ ምስጋናዬንና ጥቂት እርማቶቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ። ቀይ እስክሪብቶ የመያዝ አመል በጡረታ አይለቅምና ይቅር ይበሉኝ።

፩ኛ. በቅድሚያ ጓሮዬን በትጋት የመዘገበውን ባለሙያ ሆሴዕን አመሰግናለሁ። ሆሴዕ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ሳለ ስለ እንሰት ባወጣሁት ፈተና ከመቶ ዘጠና ሁለት አግኝቷል። ባለፈው ኅዳር ታብሌቱን ይዞ ሲመጣ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቅርቤለት፣ ይጨምሩልኝ እስኪል ድረስ በልቶ፣ ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ ነው ወደ ጓሮ የወጣው። ከዚያም ግንዶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ «ሙዝ» ብሎ ሞላ። ምክንያቱን ስጠይቀው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። አርባ ስድስት ዓይነት ተክል ተዘርዝሯል። እንጆሪ አለ፣ ወይን አለ፣ ሆሳዕና ገበያ ላይ አንድም ቀን ያላየሁት ድራገን ፍሩት አለ፤ እንሰት የለም። «ሌላ» የሚለውን ሲነካው ደግሞ መሬቱ «ባዶ» ተብሎ ይመዘገባል።

ያን ጊዜ የተናገረውን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፦ «ቲቸር፣ እንሰት መሆኑ ለእኔ መች ጠፋኝ? ሲስተሙ ነው የማያውቀው። ባዶ መሬት ከሚልብዎት ብዬ ነው ቅጠሉ የሚመስለውን የመረጥሁት።»

እንግዲህ ልጁ ያደረገው ለእኔ አዝኖ ነው። ቀጥሎ «ያለፉት አራት ዓመታት የፍሬ ምርት» የሚል ሳጥን መጣበት፤ እውነተኛ ልጅ ስለሆነ ዜሮ ብሎ ጻፈ። ሲስተሙም ሙዙንና ዜሮውን ደምሮ እኔን ሰነፍ ገበሬ አደረገኝ። ሆሴዕ እንዲቀጣ ፈጽሞ አልፈልግም፤ ይልቁንም በዚያ ስክሪን ላይ የእንሰትን ስም ፈልጎ አጥቶ ያዘነ ብቸኛው የመንግሥት ሠራተኛ እርሱ ነውና እንዲሾምልኝ እለምናለሁ።

፪ኛ. ፍሬን በተመለከተ። እንሰትና ሙዝ ዘመዳሞች መሆናቸውን ለሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁት እኔ ራሴ ነኝ። ነገር ግን እንሰትን ለፍሬው ብሎ የሚተክል ሰው እስካሁን አልተወለደም፤ ፍሬው ጠጠር በሚያህል ዘር የተሞላ ነው። ግንዱን ፍቀን ቆጮና ቡላ እናወጣለን፣ ሥሩን ቀቅለን አሚቾ ብለን እንበላለን፣ ቃጫው ገመድ ይሆነናል፣ ቅጠሉን ለከብት እንሰጣለን። እንሰት አብቦ ፍሬ ሲይዝ ለዓመታት ያጠራቀመውን ምግብ ለፍሬው አስረክቦ ይሞታል፤ ባለጓሮዋ ሴትም ይህ ከመድረሱ በፊት ቀድማ ትቆርጠዋለች። ስለዚህ በጓሮዬ ፍሬ አለመገኘቱ ሥራዬን በጊዜው እየሠራሁ ለመሆኔ ማስረጃ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ፍሬ ሲጠይቀኝ፣ ምግቡ እስኪበላሽ ድረስ ስለምን አልጠበቅሽም ብሎ መውቀሱ ነው። ይህን ማንም የአካባቢያችን የሰባት ዓመት ሕፃን ሊያስረዳዎ ይችላል፤ እርስዎም በሰባት ዓመትዎ ያውቁት ነበር።

፫ኛ. በየማክሰኞው በስልኬ ለሚላክልኝ ምክር ውለታችሁ አለብኝ። ባለፈው ሳምንት «ውድ የሙዝ አምራች፣ ዘለላዎን ከወፍ ይከላከሉ» ተብያለሁ። ተከላክያለሁ፤ እስካሁን አንድም ወፍ አልነካውም።

፬ኛ. ጥቅምት ላይ ሲስተሙ በተመረቀበት ዕለት ተጋብዤ ነበር። ክቡርነትዎ ባደረጉት ንግግር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለተጨመረበት ከእንግዲህ ስሕተት የሚባል ነገር እንደማይኖር፣ ሰው ይሳሳታል እንጂ ማሽን እንደማይሳሳት ነግረውናል፤ እኛም አጨብጭበናል። እኔ ማሽን የምፈራ ሴት አይደለሁም። ሐኪሜን በስልክ አገኛለሁ፣ የአየሩን ሁኔታ በስልክ አያለሁ፣ ልጄን በቪዲዮ አነጋግራታለሁ። ነገር ግን ማሽን የነገሩትን የሚደግም ዕቃ ነው፤ ያልነገሩትን ሊያውቅ አይችልም። አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አርባ ስድስት ስም ሲጽፍ ከዚህ አገር አንዲት ሴት ጠርቶ ጓሮሽ ምን አለ ብሎ አልጠየቀም። ስሕተቱ ያን ጊዜ ተሠራ፤ ማሽኑ የጨመረበት ፍጥነትን ብቻ ነው። ከንግግሩ ቀጥሎ የቀረበውን ምሳ ግን አልረሳሁትም። ቆጮ ከክትፎ ጋር፣ በመጨረሻም ቡላ በወተትና በቅቤ ተገንፍቶ የሚሠራው አተካና ነበር። ክቡርነትዎ ሁለት ጊዜ ሲያስጨምሩ ከጎንዎ በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ነበርሁና፣ ያ ሁሉ ከየትኛው ሙዝ እንደተሠራ በደብዳቤ ቢገልጹልኝ ባለሙያውን አመሰግነው ነበር።

፭ኛ. ሲስተሙ እኔን ብቻ እንዳልበደለ ለማወቅ ዘመዶቼን ጠይቄያለሁ። ሾኔ ያለችው እኅቴ ራሄል እንሰቷ «ሸንኮራ አገዳ» ተብሎላታል። አዲሎ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ወልደኪዳን ደግሞ «የጌጥ ተክል» ተብሎለት፣ ቤቱን በማስዋቡ ተመስግኗል። አንድ ተክል በአንድ ሲስተም፣ በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ ሦስት ስም ማግኘቱ ለሳይንስ አዲስ ግኝት ነውና ቢጻፍበት መልካም ነው።

፮ኛ. በሦስተኛው ጉዞዬ በጽሑፍ የተሰጠኝን መልስም በአክብሮት አንብቤያለሁ። «በሲስተሙ የማይታወቅ ተክል በባለይዞታዋ አቤቱታ ሊታወቅ አይችልም» ይላል። በሀዲይኛ ዌሳ እንለዋለን፤ በከምባታም እንዲሁ ይባላል፤ በአማርኛ እንሰት ነው፤ ትርፌም በቤቷ ቋንቋ ትጠራዋለች። ቢሮዎ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ከነዚህ ቋንቋዎች ቢያንስ ሁለቱን ይናገራሉ። በዚሁ መልስ ጀርባ ከመዝገብ ቤት ሠራተኛው እስከ ክቡርነትዎ የአምስት ሰው ፊርማ ቆጠርሁ። ከአምስታችሁ መካከል በቆጮ ያላደገ፣ እናቱ ስትፍቅ ያላየ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ያልበላ አንድም ሰው የለም። አምስታችሁም አወቃችሁ፤ አምስታችሁም ፈረማችሁ። እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው። ያላወቀን ሰው ማስተማር እችላለሁ፤ ሥራዬ ነበር። እያወቀ አላውቅም ብሎ የሚፈርምን ሰው ግን በየትኛው ክፍል እንደማስቀምጠው እስካሁን ግራ ገብቶኛል።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለውን ያለ ቀልድ እጽፋለሁ።

ከሰማንያ አራቱ ውስጥ አሥራ አንዱ ዘንድሮ ደርሰዋል። ባለቤቴ ከማረፉ በፊት በመጨረሻው በጋ አብረን የተከልናቸው ናቸው። ልጄ ሐዳሳ መጋቢት ላይ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች፤ አራስ በእኛ ቤት የምትጠገነው በቡላ ገንፎ ነው፤ እኔም በእርሱ ነው የተነሣሁት፤ እናቴም እንዲሁ። የቀሩት ሰባ ሦስቱ በየዕድሜያቸው በረድፍ የቆሙ ናቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት አለ፣ የሚቀጥለው አምስት ዓመት አለ። ልጅ ሆኜ በልጉ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሲጠፋ፣ በቆሎው ከጉልበታችን ሳያልፍ ሲደርቅ፣ ዘጠኝ ነፍስ ያተረፈን ይኸው ዜሮ ምርት ያለው ተክል ነው። ቡድናችሁ ጥር 12 መጥቶ ሰባ ሦስቱን ሳይደርሱ ቢነቅል፣ የሚነቅለው የልጅ ልጄን የስድስት ዓመት ጉርሻ ነው። አቮካዶን አልጠላም፤ ሁለት እግር አለኝ። ለአራስ ገንፎ ግን አይሆንም።

ስለዚህ አልነቅልም። ይህን በትሕትና፣ ግን ሁለት ጊዜ እንዳያስነብብዎ በግልጽ ቃል አስታውቃለሁ፤ አንድም አልነቅልም።

ይልቁንም ጥር 12 ጠዋት የማደርገውን ልንገርዎ። ከደረሱት አንዱን እቆርጣለሁ። ግንዱ ለሐዳሳ ይሆናል። ሥሩን ግን አልቀቅለውም፤ መሐሉን ጎድጉጄ ማብቀያውን አውጥቼ፣ ፍግና አፈር አልብሼ እቀብረዋለሁ። የተማረ ሰው ስለሆኑ ውጤቱን አይዘነጉትም፤ ከአንድ ሥር ሃምሳ፣ ስልሳ፣ አንዳንዴም መቶ ችግኝ ይወጣል። ሲስተሙ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ የሙዜ ቁጥር ሁለት እጥፍ ሆኖ፣ ፍሬው ግን እንደ ልማዱ ዜሮ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከችግኞቹ የተረፉትን ለትርፌ፣ ለእኅቴና ለሚጠይቀኝ ሁሉ በነፃ አድላለሁ። ለጽሕፈት ቤትዎ ቅጥርም አምስት አስቀርቻለሁ፤ በአምስቱ ፈራሚዎች ልክ ነው።

ለዘመናዊነት ላሳዩት ትጋት፣ ለሰጡኝ አዲስ ሙያ፣ በስድሳ ሦስት ዓመቴም ጓሮዬን እንደገና እንድቆጥር ስላደረጉኝ ከልብ እያመሰገንሁ፣ አርባ ሰባተኛውን ስም ዝርዝሩ ላይ ለመጨመር የሚረዳችሁ መምህር ካስፈለገ ያለ አበል ለመምጣት ዝግጁ መሆኔን በከፍተኛ አክብሮት እገልጻለሁ። ማኅተም ስለሌለኝ፣ የእንሰት ውሃ ያጠቆረውን አውራ ጣቴን ከዚህ በታች አትሜያለሁ።

ገነቴ ጠና
የባዮሎጂ መምህርት፣ በጡረታ
(በሲስተሙ፦ ሙዝ አምራች፣ ምርት የለሽ)

ግልባጭ፦
ለሆሴዕ፣ ከዘጠና ሁለቱ ላይ ለደግነቱ አራት ነጥብ ተጨምሮለት
ለትርፌ፣ በሱቋ በር ላይ እንድትለጥፈው
ለሲስተሙ፣ ሲሻለው እንዲያነበው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ዮዲት እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ አግኝተውኝ፣ በጓሯችሁ እንሰት ስለደረሰ ጥር 12 ከሰዓት በኋላ ከሌሎች ሴቶች ጋር መጥቼ በመፋቁ እንዳግዛቸው ጠይቀውኛል፤ እኔም በደስታ እሺ ብያለሁ። ስመለስ በአጥራችሁ በኩል አልፌ ስቆጥር ሠላሳ ሁለት ናቸው፤ በደንብ የተያዙ፣ ወፋፍራም፣ አንዳቸውም ፍሬ የሌላቸው። በምን ስም እንደተመዘገቡ ሆሴዕን መጠየቅ ከበደኝና ተውሁት። ብቻ የነቃዮቹ ቡድን በዚያው ቀን የሚወጣ ከሆነ፣ እኔ ሁለት ቦታ መገኘት ስለማልችል፣ ከእርስዎ ጓሮ እንዲጀምር ይዘዙልኝ፤ መፋቂያዬን ይዤ ከወይዘሮ ዮዲት ጋር እዚያው እጠብቀዋለሁ።