ሁለት ዙር ይቀረኛል

ለምወድሽ ልጄ ለዶናታ፣

እዚያ አውስትራሊያ ጤናሽ እንዴት ነው? የእኛ ለክፉ አይሰጥም። የወይራው ለቀማ አልቋል፤ ዘይቱን እልክልሻለሁ።

አባትሽ ዛሬም በማለዳ ወጥቷል። በእርምጃ ውድድር ወርቅ ካመጣ አርባ ዓመት አለፈ፤ ከተማው ግን ስሙን አልረሳም። ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ኮሲሞ ክንዱን ይዞ ከባቡር ጣቢያ አመጣው። «ኤርሲሊያ፣ ሻምፒዮንሽን ተረከቢኝ! ‹አታስቁመኝ፣ ሁለት ዙር ይቀረኛል› እያለ ልቤን አወለቀው» አለኝ። ሳቅን። ዝና ደግ ነው መቼም፤ ያገኘው ሁሉ ቤቱን ያውቃል።

እሑድ ደግሞ ቡና ቤት ገብተን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሱን ፎቶ ትክ ብሎ አየና «የዚህ ጎረምሳ አረማመድ ያምራል፤ የማን ልጅ ነው?» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ሽማግሌ፣ ቀልድህ አያልቅም!» አሉት። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቡናዬን ሳልጨርስ ግን ክንዱን ይዤ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ሰፈሩ ዘንድሮ በአዲስ ሰው ተሞልቷል። ዳቦ ቤቱን የገዛው ሰውዬ ከሰሜን የመጣ ነው፤ አባትሽን በመልክም አያውቀው። ይኸው ዝናቡም ጀመረ። ካፖርቱ መስቀያው ላይ ነው። እየጻፍኩልሽ ጆሮዬ በር በሩን ይላል።

ባልሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ለፋሲካ ነይ፣ አደራ። ስትመጪ እንደ ልማድሽ ከኋላው ዓይኑን ሸፍነሽ «ማን ነኝ?» አትበይው። ከደጅ ጀምሮ «አባዬ፣ ዶናታ ነኝ» እያልሽ ግቢ።

በር በር የምታይ እናትሽ፣
ኤርሲሊያ