እንቁራሪቷ እስክትነሳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

አባዬ፣

መርከብህ የት እንደደረሰ ባላውቅም ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝህ። የምጽፍልህ እንቁራሪቷ መኪናህ ውስጥ፣ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እማዬ አትንገሪው ብላኛለች። እኔ ግን ማንን ላናግር?

ሰው ሁሉ በዚህች አሮጌ የፈረንሳይ መኪና ሲስቅብህ እኔም አፍር ነበር። መሪዋን ከመሃል የያዘው አንድ ብረት ብቻ፣ ፍሬኗ እንደ እንጉዳይ ድቡልቡል፣ ስትቆም ደግሞ ሆዷ መሬት ላይ የሚተኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳዘዝከኝ ሞተሯን ሳስነሳ ግን ቀስ እያለች ከፍ ስትል ማየት ደስ ይለኛል። ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዛ ቆማ አገኘኋት። ቀሚሷ ላይ ደም ነበር። ሕፃኑ ሊወለድ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ሮጬ ጎረቤታችንን፣ የከባድ መኪና ሾፌሩን ጠራኋቸው። ደግፈው እንቁራሪቷ ውስጥ ከኋላ አስተኟትና ሞተሩን አስነሱ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይጠብቁ" አልኩ። አልሰሙኝም። እጃቸውን ወደ ማርሹ ሰደዱ። ከፊታችን ያ ቁልቁለት አለ። ፍሬኑም የሚሠራው መኪናዋን በሚያነሳት ዘይት ነው፣ ቀዩ መብራት ሳይጠፋ እንዳትነቃነቂ ያልከኝ ትዝ አለኝ። እጃቸውን ያዝኩት።

"ቁም! ፍሬን የላትም!" ብዬ ጮህኩ። አንቱታው ጠፋኝ።

"ግመል ናት እንዴ፣ እስክትነሳ የምንጠብቃት?"

እማዬ እያቃሰተች "እውነቷን ነው፣ ይስሟት" አለች።

እንቁራሪቷ እውነትም እንደ ግመል ከኋላዋ ቀድማ ተነሳች፣ ከዚያ ከፊቷ። መብራቱ ጠፋ። ደቂቃ አይሞላም፤ ለእኔ ግን አላልቅ አለኝ።

ጋሼ ሆስፒታል አድርሰውን፣ ቁልፉን ለእኔ ትተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ነርሷ "አንቺ ውጭ ጠብቂ" ካለችኝ ሦስት ሰዓት አለፈ። ገብቼ መጠየቅ ፈራሁ። መኪናዋ ዝቅ ባለች ቁጥር ቁልፉን አዙሬ እንደገና አስነሳታለሁ። የሆስፒታሉ ዘበኛ "ልጄ፣ ወይ ሂጂ ወይ አጥፊው" አሉኝ። እናቴ ስትወጣ ጎንበስ ማለት እንዳይከብዳት ነው አልኳቸው። ወደ በራቸው ተመለሱ።

አባዬ፣ ነርሷ በሩ ላይ ወጥታ በእጇ እየጠራችኝ ነው። ፊቷ ከዚህ አይታየኝም።

ባሕሩ ጸጥ ይበልልህ። ሞተሩን ሳላጠፋ ነው የምወርደው።

ዝምተኛዋ ልጅህ