የእህቴ ምሳ

የካቲት 24፣ እሑድ

ቅበላ ነው። ነገ ሁዳዴ ይገባል።

ሰንበት ስለሆነ ሥራ የለም። ከምሳ በኋላ ወደ ባሕር ዛፉ ወጣን። ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ዳገት ስለሆነ እማ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

እህቴ ፍሬሕይወት በየእሑዱ ስምንት ሰዓት ላይ ትደውላለች። የሚፈቀድላቸው አሥር ደቂቃ ነው። ስልኩን እኔ እይዛለሁ፣ እማ ታወራለች፣ አባዬ ከጎን ሆኖ ስለ ውሃ ሞተሩ ያስጠይቃል። "ጭሱ በዝቷል በያት።" ድንቹን የምናጠጣበትን ሞተር ድሮ የምትጠግነው ፍሬ ነበረች። ሌላ ሰው ቢነካው አይነሣም ነበር። አሁን በውትድርና ገብታ የአውሮፕላን ሞተር ጥገና ትማራለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አብረዋት ከገቡት ሴቶች የቀሩት አራት ብቻ ናቸው አለች።

እኔ ምንም አላልኩም። እማ ለሰው ስትናገር "ዓይናለም ካልጠየቋት አትናገርም፣ ከጠየቋት ደግሞ አትዋሽም" ትላለች። ምስጋና ይሁን ወቀሳ... እንጃ።

ይሄ ደብተር የፍሬ የፊዚክስ ደብተር ነበር። ግማሹን ጽፋ ትታዋለች። ከፊቱ የእሷ ቀስትና ቁጥር፣ ከኋላ ገልብጬ እኔ። ከስድስተኛ ክፍል ስላቆምኩ የእሷ አይገባኝም። ግን አንዳንዴ ዝም ብዬ አየዋለሁ።

የካቲት 25

ጾም ገባ። ድስቱን ሁሉ በአመድ ስናሽ ዋልን። እጄ ተሰነጣጠቀ።

የካቲት 28

ጎረቤታችን እመቤት ከአረብ አገር ከመጣች ወዲህ እማ ስለ ፍሬ ስጋቷ ባሰ። እመቤት አራት ዓመት ሙሉ ሳልጾም ኖርኩ ብላ ነገረቻት። ስትናገር አላፈረችም፣ ደክሟት ነበር የምትናገረው። እማ ግን ያን ቀን ሙሉ ከንፈሯን ስትመጥ ዋለች።

ፍሬ የምትሄድ ጊዜም እንዲሁ ነበር። እማ አልፈቅድም አለች። አባዬ ለመነ፣ አልሆነም። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን መምሬ እሸቴ ተጠሩ። ፍሬ መስቀላቸውን ተሳልማ "የትም ብሆን ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ" አለች። ያን ጊዜ ነው እማ እሺ ያለችው። ስንቋንም ራሷ ቋጠረችላት።

መጋቢት 1፣ እሑድ

እማ መጀመሪያ የጠየቀችው "ጾምሽስ?" ብላ ነው። ፍሬ "እየጾምኩ ነው እማ" አለች። እማ ፊቷ በራ። ስንወርድ አንድ ጊዜ ብቻ አረፈች።

የፍሬ ድምፅ ግን ቀጥኖ ነበር... ወይስ ኔትወርኩ ነው?

መጋቢት 8፣ እሑድ

እማ ሰንበቴ ሄዳ፣ አባዬም ለቅሶ ቤት ሄዶ፣ ብቻዬን ወጣሁ።

ፍሬ "እማ የለችም?" አለች። የለችም አልኳት። "እንኳን" አለችኝ። ከዚያ ስለ ላሚቱ ጠየቀችኝ። ደህና ናት አልኳት። ከአሥሩ ደቂቃ አንዱን እንዲሁ ፈጀነው።

ከዚያ ነገረችኝ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው ይሮጣሉ። ምሳ የሚቀርበው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ሰባት ተኩል ላይ ይዘጋል። የጾም ምግብም አለ። ግን እሷ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አትቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ወርክሾፕ ውስጥ ናት፣ እዚያ ቁራሽ እንኳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ከራት እስከ ራት ምንም የለም።

ማክሰኞ ዕለት መሰላል ላይ ሆና ሞተር ስትፈታ ዓይኗ ጨለመ። መፍቻው ከእጇ ወደቀ፣ እሷም ተከተለችው። ጓደኛዋ ከታች ያዘቻት። አሠልጣኙ አልተቆጣም አለች። ብቻ እንዲህ አላት፦ "ሞተር ላይ የሚወድቅ ሰው አያስፈልገኝም። አንድ ጊዜ ከደገመሽ መጋዘን ነው የምትገቢው።" ዕቃ ለመቁጠር ማለት ነው። የሞተሩ ትምህርት በዚያው ቀረ ማለት ነው። የተግባር ፈተናው ሚያዝያ 3 ነው። እስከዚያ መውደቅ የለባትም።

"ታዲያ ለምን አትበይም?" አልኳት።

"መስቀል ተሳልሜ?" አለችኝ። ቀጥላ "ለእማ እንዳትነግሪ። ጾሜን ከፈታሁ እንደ ሞትኩ ነው የምትቆጥረው።"

እሺ አልኩ።

መጋቢት 9

ድንች ስኮተኩት አሰብኩ። የተሳለችው ጾም እንዲጾም ነው። ጾሙ ከተጾመ... ማን እንደጾመው ምን ለውጥ አለው? ከአንድ ማሕፀን ነን። ለታመመ ሰው ሌላው ጠበል ይቀዳለት የለ?

ከዛሬ ጀምሬ የሷን ደርቤ እጾማለሁ። የኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዘጠኝ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ያለው የሷ ይሁን። ለማንም አልናገርም። ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ።

መጋቢት 12

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር። ሁለተኛው ራስ ምታት። ዛሬ ጀሪካኑን ከምንጩ ሳመጣ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። ሽሮ ከሩቅ እንዲህ ይሸታል እንዴ?

መጋቢት 13

እማ አወቀች። ምክንያቱን አይደለም። እስከ ማታ መቆየቴን። ቅዳሴ ላይ ለሴቶቹ ነግራቸዋለች። "ዓይኔ እኮ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የምትጾም፣ ማን እንዳስተማራት አላውቅም" እያለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ሰንበት ስለሆነ ከጠዋት በላሁ። እንዴት ደስ ይላል መብላት።

ዛፉ ሥር እማ ትንፋሽ ሳትሰበስብ ስልኩ ጮኸ። አንስቼ ቶሎ ብዬ "ፍሬ፣ አንቺ ምሳ ብዪ። ያንቺን እኔ እየጾምኩት ነው" አልኳት። በሹክሹክታ።

ሳቀች። "አንቺ እብድ" አለችኝ። ሳቋ ሳያልቅ ድምፅዋ ተለወጠ። "ተዪ ዓይኔ፣ እንዲህ አይሆንም" ስትል እማ ደርሳ ስልኩን ተቀበለችኝ። "ጾምሽስ?"

ትበላ ይሆን? አትበላም። አውቃታለሁ።

መጋቢት 18

ዛሬ አወጣሁት። ሚስጥሩን። እንዴት እንደሆነ በደንብ ልጻፈው።

መምሬ እሸቴ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ረጭተው ሲጨርሱ እማ ማዕድ አቀረበች፣ አባዬም ቀረበ። እኔ ምሰሶው ጋ ቆሜ ቀረሁ።

"ይችስ ለምን አትቀርብም?" አሉ መምሬ።

"እሷማ እስከ ማታ ነው አባቴ" አለች እማ። ድምፅዋ ውስጥ ኩራት አለ። "ይኸው ሁለተኛ ሳምንቷ።"

መምሬ የቆረሱትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡት። "ማን አዘዘሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ማንም።"

"እኔ ያላዘዝኩሽን ለምን ትጾሚያለሽ?"

ጠየቁኝ። የንስሐ አባቴ ናቸው። ምን ልበል? "ለፍሬ ነው" አልኩ።

"ለፍሬ እንዴት ያለ?"

"የሷን ነው የምጾመው። እሷ እንድትበላ።"

ከዚያማ ይጠይቃሉ፣ እመልሳለሁ። ምሳው የሚዘጋበትን ሰዓት፣ መሰላሉን፣ መፍቻውን፣ መጋዘኑን... ሁሉንም። እማን አላየኋትም። ወጥ መጨለፊያው በእጇ እንዳለ ሲንጠባጠብ ብቻ አየሁ።

መምሬ መጀመሪያ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። "ውክልና ለመሬት ነው ልጄ" አሉ። "በውክልና የሚጾም ዛሬ ገና ሰማሁ።" አባዬም ሊስቅ ሲል እማን አይቶ ተወው።

ከዚያ መምሬ ሳቃቸውን ትተው፣ የምትሠራው በምን ላይ ነው አሉኝ። የአውሮፕላን ሞተር አልኳቸው።

"ደክሟት አንድ ብሎን ሳታጠብቅ ብትተውስ?"

"ይወድቃል መሰለኝ።"

"ሰው ይዞ?"

"ሰው ይዞ።"

ወደ እማ ዞሩ። በክርስትና ስሟ ነው የጠሯት። "ወለተ ማርያም፣ መስቀሉን ያሳለምኳት እኔ ነኝ፣ የምፈታትም እኔ ነኝ። የጾሙን ምግብ በስድስት ሰዓት ትብላ። ስለ ሰዓቱ የምጠየቀው እኔ ልሁን። እሑድ ዳገቱን ወጥቼ በጆሮዋ እነግራታለሁ።" ትንሽ ቆዩና "ግን እኔ ብነግራትም አትበላም። እሷ የምትፈራው አንቺን ነው" አሏት።

እማ መጨለፊያውን አስቀምጣ ወጣች። ላሚቱ ጋ ቆማ ስትቆይ በበሩ አየኋት። አታልባትም፣ አታበላትም። ብቻ ቆማለች።

እኔን መምሬ አጠገባቸው አስቀምጠው አበሉኝ። ስንት እንጀራ እንደበላሁ አልጽፍም።

መጋቢት 20

እማ ሁለት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር አላወራችም። የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ድንች እየላጥን ድንገት "ራሷን መታት?" አለችኝ።

አልመታትም፣ ጓደኛዋ ያዘቻት አልኩ።

ሌላ ድንች አነሣች። ላጠችው። "ጾምሽስ፣ ጾምሽስ እያልኩ..." አለች። "አንድ ቀን እንኳ ምን በላሽ አላልኳትም።"

ልጣጩን ሰበሰብኩ።

መጋቢት 22፣ እሑድ

መምሬ በበትራቸው ተደግፈው ዳገቱን ወጡ። ከእማ በላይ አረፉ። ዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ፣ አሥር። ስልኩን መቶ ጊዜ አየሁት። ኔትወርክ አለ።

አልደወለችም።

መጋቢት 24

አባዬ መንገድ ላይ ሰው ሲያልፍ ሁሉ ቀና ይላል። ወድቃ ይሆን? ወድቃስ አሳፍሯት ይሆን የማትደውለው? መጋዘን ገብታ... የእሷ እጅ ዕቃ ሲቆጥር ሊታየኝ አልቻለም።

ቀድሜ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ።

መጋቢት 29፣ እሑድ

ደወለች!

ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። ባለፈው እሑድ ክፍሉ በሙሉ ለልምምድ ወጥቶ ነው። አልወደቀችም። ዓይኗ ሲጨልም ቶሎ ቁጭ እያለች ነው የከረመችው።

ለመምሬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ገልብጠው ያዙት። አቃናሁላቸው። እስከ ገሳይ ገበያ በሚሰማ ድምፅ "ልጄ! ሰዓቱን ፈትቼሻለሁ! ስድስት ሰዓት ላይ ብዪ!" አሏት። ፍሬ ምን እንዳለች አልሰማሁም። መምሬ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና "አላልኩሽም?" ብለው ስልኩን ለእማ ሰጡ።

እማ ያዘችውና ዝም አለች። ደቂቃው ይሄዳል። ልነካት እጄን አነሣሁ፣ ተውኩት።

"ምሳ በላሽ?" አለች እማ።

ስልኩ ወደ እማ ሲያልፍ ድምፅ ማጉያውን ከፍቼው ስለነበር ሁላችንም ሰማን። "በላሁ እማ። ዛሬ ሰንበት አይደል።"

"ነገስ?"

ዝም።

"ነገም ብዪ" አለች እማ። "በየቀኑ ብዪ። ማን አለሽ ቢሉሽ እናቴ በያቸው።"

ፍሬ ስታለቅስ ሰማኋት። መስመሩ ተቋረጠ፣ አሥሩ ደቂቃ አልቆ ነበር። አባዬ ስለ ሞተሩ ሳይጠይቅ ቀረ። የመጀመሪያው ነው።

መጋቢት 30

ማሳው ላይ ነበርን። እማ ጀርባዋን ቀና አድርጋ "ስልኩን እስቲ እዪው፣ ስንት ሰዓት ነው?" አለች። ስድስት ተኩል አልኳት።

"አሁን ትበላለች" አለች።

ከዚያ ወደ ኩትኳቶዋ ተመለሰች። እሷ እስከ ዘጠኝ ቆየች። እኔም። የራሴን ብቻ።

ሚያዝያ 3

ፈተናው ዛሬ ነው። እማ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ሚያዝያ 6፣ እሑድ

ፈታ ገጠመችው፣ ሞተሩ ተነሣ! አሠልጣኙ ዙሪያውን ዞሮ አይቶ "እጅሽ ጸንቷል" አላት። ሞተር ክፍል ትቆያለች። ገና ብዙ ይቀራታል፣ ሌላው ፈተና ከዚህ ይብሳል አለች። ግን ድምፅዋ ወፍሯል። ኔትወርኩ አይደለም።

አባዬ "የኛንስ ሞተር?" አለ። ሁሉም ሳቁ።

ሚያዝያ 20፣ ፋሲካ

እማ ትንሽ አወራችና ስልኩን ሰጠችኝ። "የቀረው ያንቺ ነው" ብላ ከአባዬ ጋር ዳገቱን ወረደች። ብቻዬን ቆምኩ። ምን ልበል? ፍሬ ቀድማ ስለ ጭሱ ጠየቀችኝ። ቀለሙን፣ መቼ መቼ እንደሚበዛ። ከላይ ያለውን የአየር ማጣሪያ አውጥቼ እንዳጸዳ አስረዳችኝ። ያልገባኝን እኔ ጠየቅኋት። አራት ጊዜ።

ሚያዝያ 23

ረቡዕ ነው፣ ግን ፋሲካ ስለሆነ ጾም የለም። ጠዋት ማጣሪያውን አወጣሁት። የዓመት አቧራ ነበረበት፤ አጽድቼ መለስኩት። አባዬ ገመዱን ሲስበው ሞተሩ ተነሣ፣ ጭሱም ቀነሰ። አባዬ ማጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ "እሺ እንግዲህ" ብቻ አለ።

ከዚያ ከእማ ጋር ቦዩን ስንጠርግ ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ አየሁት።

"እማ፣ ስድስት ተኩል ሆነ" አልኳት።

አልጠየቀችኝም ነበር።

አካፋዋን ተደግፋ አየችኝ። "አሁን ትበላለች" አለች። እጇን በቦዩ ውሃ ታጠበችና ቋጠሮዋን ፈታች። "አንቺም ነይ። ምሳ ነው።"

ቦዩ ዳር ተቀምጠን በላን።