ድራማው ላይ ያለችው እናት

ቅዳሜ
ሐያት ድራማው ሳያልቅ ተነስታ ወጣች። ምን ነካት? ልጄ አስራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ይሄን የተማሪዎች ድራማ በየሳምንቱ ሶፋው ላይ ተጣብቀን ነው የምናየው።

ብቻዬን ጨረስኩት። ጥሩነቱን አልክድም። ልጆቹ እንደ ልጅ ነው የሚያወሩት፤ ታክሲ ውስጥ የምሰማው ወሬ ራሱ ነው። ዋናዋ ልጅ ስታለቅስ ፊቷ የእውነት ያብጣል። ወላጆቹን ግን ማን እንደጻፋቸው እንጃ። መጮህ ብቻ። የዛሬው ደግሞ ባሰ፤ አንድ ጎረምሳ "ፎቶሽን እበትነዋለሁ" እያለ ሲያስፈራራት እናቷ ሰማችና ልጅቷን ጎትታ ከቤት አባረረቻት። ሐያት የተነሳችው እዚህ ጋ ነው።

ክፍሏ በር ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

እሁድ
ምሳ አልቀመሰችም። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። አባቷ አላየም፤ ሰኢድ እሁድም ፒያሳ ልብስ ስፌቱን ከፍቶ ይውላል። ስልኳን ልፈትሽ ብዬ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ብፈትሽ ያቺን እናት ሆንኩ። ባልፈትሽስ? ያ አላህ።

ሰኞ
ቢሮ ስፈዝ ዋልኩ። ቤት ገብቼ ልብስ ስናጣጥፍ ድራማውን አነሳሁ። "ያቺ እናት ግን አበዛችው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ጎረምሳ ነው።"

የያዘችውን አንሶላ ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች።

የጓደኛዋ ልደት ላይ ከአንድ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ጋር ፎቶ ተነስታለች። ትከሻዋን አቅፏታል፣ በቃ ይኸው ነው። አሁን "ረቡዕ ብቻሽን እኔ ጋ ካልመጣሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ" ይላታል።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የምታባርሪኝ መሰለኝ፣ እማ።"

አቀፍኳት። ያ ድራማ እኔን እንድትፈራ አደረጋት። ግን እሱ ባይኖር ወሬውን በምን እጀምረው ነበር?

ማክሰኞ
ለሰኢድ ልነግረው ሱቁ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ሲቆጣ እየታየኝ። ስፌቱን አቁሞ ሰማኝ። ሐያት የላከችልኝን ፎቶ ደጋግሞ አየው።

"ታዲያ እሷ ምን አጠፋች?" አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ልጁ የታለ?"

ብድግ ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት። "ልትማታ ከሆነ አትሄድም። ነገ ትምህርት ቤቷ አብረን ነው የምንሄደው።"

"ወላሂ አልነካውም።"

አላመንኩትም።

ረቡዕ
አምስት ኪሎ፣ ትምህርት ቤት። ርዕሰ መምህርቷ መልእክቶቹን አንብበው ልጁን ከነእናቱ አስጠሩት። እናትየው እድሜዋ እንደኔ ነው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። ልጁ ፎቶውን እያየነው ከስልኩ አጠፋው። "ለፖሊስም እናሳውቃለን" አሉ ርዕሰ መምህርቷ። ሰኢድ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ቃሉን ጠበቀ።

ድራማ ቢሆን እዚህ ጋ ሙዚቃ ገብቶ ያልቅ ነበር። የድራማው ትልቁ ጉድለትም ይሄው ነው፤ ፍርሃቱ ከችግሩ ጋር አብሮ ያልቃል። እኔ ግን ፎቶውን ለሌላ ሰው ልኮት እንደሆነስ እያልኩ ነው።

ሐሙስ
ጠዋት ትምህርት ቤቷ በር ድረስ ሸኘኋት። ግቢው ውስጥ ልጆች ተሰብስበው አንድ ስልክ ያያሉ፣ ይስቃሉ። ስለሷ ይሁን አይሁን አላውቅም። እሷም አየቻቸው።

"አብሬሽ ልግባ?"

"አይ፣ እማ። ግን ቶሎ አትሂጂ።"

በመሀላቸው አልፋ ገባች። አንገቷን አልደፋችም።

ደወሉ ከተደወለ በኋላም እዚያው ቆሜ ነበር። ቢሮ አረፈድኩ።