የማይዘለሉት አሥራ አንድ ሳምንታት፦ የልብስ ሰፊዋ የእትዬ ሜትር የሕይወት ታሪክ

እዚህ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ስኳር ያለበትን ዘመዳችሁን የት ደበቃችሁት? ደም ግፊት ያለባትን አክስታችሁንስ እንግዳ ሲመጣ የትኛው ጓዳ ውስጥ ቆለፋችሁባት? ማንም እንዲህ አያደርግም። ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ግን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ተደብቀዋል፤ የደበቅናቸውም እኛው የእናታቸው ልጆች ነን። ታሪካቸው ሲነበብ ይህም አብሮ እንዲነበብ አደራ ብለዋል።

እትዬ ሜትር ከዳቦ ጋጋሪ እናታቸውና ከመጋዘን ጠባቂ አባታቸው የካቲት 9 ቀን 1946 ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ፣ ከሴቶቹ የመጀመሪያዋ ነበሩ። ያደጉበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከዳቦ ቤቱ ጋር ጀርባ ለጀርባ የተሠራ ስለነበር አንደኛው ግድግዳ ዘወትር ይሞቃል፤ በብርድ ጊዜ የጎረቤት ልጆች ሁሉ እሱን ተደግፈው ያጠኑ ነበር። እስከ አሥረኛ ክፍል በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1964 ሙያ ትምህርት ቤት ገቡ። አስተማሪያቸው «የዚች ልጅ መቀስ ከእርሳሷ ይቀድማል» እያሉ ያሞግሷቸው እንደነበር እናታችን እስክትሞት ድረስ ለሰው ሁሉ ስትናገር ኖራለች።

በ1966 ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለው የልብስ ስፌት ቤት ተቀጠሩ። ስድስት መኪና፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት፣ ሲረገጥ የሚጮህ የእንጨት ደረጃ ያለው ቤት ነው፤ አርባ ዓመት ሠሩበት። መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ስለማያወልቁ ስሙ በዚያው ወጣላቸው። በ1970 ከሊፍት ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ሲጋቡ እንኳ ሜትሩ ከቬሎው ሥር ተገኝቶባቸዋል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

አሁን ወደሚከተለው አንቀጽ እደርሳለሁ። ትናንት በቤተሰብ ስብሰባ «ይሄ ይውጣ» የተባለው ይኸው ነው። አልወጣም።

በ1984፣ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው፣ እትዬ ሜትር ድባቴ በሚባለው የአእምሮ ሕመም ታመሙ። መጀመሪያ እንቅልፋቸው ጠፋ። ቀጥሎ አንዱን ጨርቅ አሥር ጊዜ ለክተው መቁረጥ አቃታቸው። በመጨረሻ እግራቸውን የመኪናው መርገጫ ላይ አድርገው፣ ሳይረግጡት፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውሉ ጀመር። እኛ ምን አልን? አንዱ «ሥራ በዝቶባት ነው» አለ። ሌላዋ «ምን ጎደላትና? ቅብጠት ነው» አለች። ሊፍት ጠጋኙ ግን ማንንም ሳያማክሩ ሆስፒታል አስገቧቸው።

ታላቅ ወንድማችን፣ ወንድም ጋሼ፣ የዚያኑ ዕለት ሰበሰቡን። «ሰው ምን ይላል? ነገ ልጆቿን ማን ያገባቸዋል?» አሉ። መከርንና ለሥልጠና ሄደች እንድንል ተስማማን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸውም ዲግሪውን ይዞ «ከፍተኛ የልብስ ዲዛይን ሥልጠና» ሲል ውሸቱን አሳመረው። ባለቤታቸው በበኩላቸው ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው በሰፈሩ መካከል ያልፋሉ። ወዴት እንደሆነ ሲጠየቁ «ሚስቴ አእምሮዋን ታማ ተኝታለች፤ ምሳ ላደርስላት ነው» ይላሉ። ሰፈሩም ሁለቱን ወሬ አመዛዝኖ ፈረደ፦ «ምስኪን! ሚስቱ ለትምህርት ብትሄድበት አበደ።»

እትዬ ሜትር ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ድነው ተመለሱ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ያን ሁሉ ጊዜ መኪናቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ለማንም ሳይሰጡ ጠብቀዋቸዋል፤ እኚህ ሴት ዛሬ በመካከላችን አሉና ቤተሰቡ በእህታችን ስም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያመሰግናቸዋል። በተመለሱበት ዕለት አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ ጨርቅ ይዘው «እንግዲህ የተማሩትን አዲሱን ፋሽን ያሳዩን» ብለው መጡ። ቤቱ ሙሉ ደንበኛ ነበር። እህታችን ሜትሩን ከአንገታቸው እያነሱ «እኔ የተማርኩት መተኛት ነው፣ እመቤቴ። አእምሮዬን አሞኝ ሆስፒታል ነበርኩ። በሉ ሙሽራዋ እጇን ታንሳና ልለካት» አሉ።

ሙሽራዋ እጇን አነሳች። አንድ ሰውዬ ግን «እኔ መቀስ ከያዘች እብድ ጋር!» ብለው አንድ እጅጌ የቀረውን ኮታቸውን አንጠልጥለው ወጡ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌላ ሰፊ እጅጌውን አጣሞባቸው፣ ያንኑ ደረጃ እያስጮሁ ተመለሱ። እትዬ ሜትር ፈትተው ሰፉላቸው። «እብድና ሰፊ አማርጠው መጡ?» ብለው ሲስቁ ሰውዬውም ሳቁ፤ እስኪሞቱም ድረስ ደንበኛቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የልኬት ደብተራቸው ሌላ ሥራ ጀመረ። የደንበኛ ወገብ ከዓምናው በሦስት ጣት አንሶ ሲያገኙት ቶሎ ብለው አይጽፉም። «ምግብ እምቢ አለህ ወይስ እንቅልፍ?» ብለው በጆሮ ይጠይቃሉ። እጁን አንስቶ የቆመ ሰው ደግሞ መዋሸት አይሆንለትም። ስንቱን ደረጃውን አብረው ወርደው ክሊኒክ እንዳደረሱት፣ ስንቱን ወረፋ አብረው እንደጠበቁ ቁጥሩን አናውቅም፤ ሚስጥር ጠባቂ ነበሩ። የራሳቸውን እንጂ የሰው አልተናገሩም።

ባህላችን ደግ ነው፤ ይህን የሚክድ ካለ ከእኔ ጋር ይሟገት። ከ2014 ጀምሮ እህታችን ኩላሊታቸውን ሲታመሙ የሆስፒታሉ ኮሪደር ጠያቂ አይችልም ነበር። ነርሶቹ «እባካችሁ በየተራ» እያሉ ይለምኑን ነበር። ለዚያ ሁሉ ፍቅር፣ ለመጣውም ለደወለውም፣ ምስጋናችን ወሰን የለውም። በ1984ቱ አሥራ አንድ ሳምንታት ግን የጠየቋቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ባለቤታቸው፣ የስፌት ቤቱ ባለቤትና እናታችን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ተረት አለን፤ «ዝም አይነቅዝም» የሚልም አለን። የመጀመሪያውን ለኩላሊት፣ ሁለተኛውን ለአእምሮ ያከፋፈለልን ማን ነው?

ባለፈው ወር፣ ድምፃቸው እየደከመ፣ «ስትጽፍ ያቺን አሥራ አንድ ሳምንት እንዳትዘልላት። እዚያ ለቅሶ ላይ የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም፣ እንደኔ የሆነ። እሱ ይስማት» ብለው አዘዙ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኞ ሰኔ 3 ቀን 2016፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በሰባ ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ስድስት የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ሁለት ወንድሞቻቸውና አንዲት እህታቸው ቀርተናል። ሦስቱም ልጆች፣ ጭንቅ ለነበረበት ሰው ይታወቅ፣ በወጉ ተድረዋል።

ለሰው ሁሉ እንቅልፍ ሲመኙ የኖሩትን እህታችንን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን፤ ሌላውን እንዳጽናኑ እርሱ ያጽናናቸው።

ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ ንባብ ቀጥሎ ሸኚውን ለማመስገን የሚቆሙት እርስዎ ነዎት። አንቀጹ ይውጣ ያሉትም እርስዎ ነዎት፤ ውሸቱን ያሳመርኩት ደግሞ እኔ። እኔ ጥፋቴን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አንብቤያለሁ። ከሸኚው መካከል እህታችን «እሱ ይስማት» ያሉት ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው። መታመማቸው ነውር ነበር ወይስ አልነበረም? ምስጋናው ይቆይና፣ ጮክ ብለው ይመልሱለት።