በስህተት የተባለ ነፍስ ይማር

ሰኞ

ለዕድራችን አባላት በሙሉ፦ የትልቁ ድስት ክዳን ካለበት መሰወሩን የምናስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ይህንን ዛሬ ጠዋት በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩ። የቦሌ ሚካኤል ሰው ለበሽታው ያላሳየውን ድንጋጤ ለክዳኑ አሳየ።

በሽታው ድንኳን ካስከለከለን ወዲህ ጥሩምባችን ቴሌግራም ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ይጽፋል፣ አባላቱ ነፍስ ይማር ይላሉ፣ እኔ ጸሐፊው ደግሞ ስልክ ስለማላምን ቃል በቃል መዝገብ ላይ እገለብጣለሁ። ሰዓቱን ጭምር።

አምስት ሰዓት ላይ ክቡር ሚኒስትሩ ጻፉ። የአባታቸውን አባልነት ወርሰው ነው ከእኛ ጋር ያሉት፤ ራሳቸው የሚኖሩት ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ነው። ሰው ካልሞተባቸው ጽፈው አያውቁም። እኔም ሳላነብ ገለበጥኩ፣ አባላቱም ሳያነቡ አዘኑ። ግማሹ ነፍስ ይማር አለ። ጴንጤዎቹ እግዚአብሔር ያጽናናዎት፣ የወሎዎቹ ጎረቤቶቻችን አላህ ይዘንለት። አንዱ ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ።

የገለበጥኩትን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። "ሆስፒታል ያሉትን ሲሊንደሮች ለማንም እንዳትለቁ። ለእንግዶቻችን ይያዙ። ደብዳቤ አታድርጉት፣ እዚሁ እንጨርሰው።"

ወዲያው አጠፉት። "ይቅርታ፣ በስህተት ነው" አሉ። "እዚሁ" ያሉት ሌላ ግሩፕ ኖሯል።

ሳቅኩ። ሲሊንደር ሲባል የቡታጋዝ ነው፣ ድግስ ቢኖርባቸው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። "ሆስፒታል" የሚለውን ዓይኔ ዘለለው። መዝገቡ ጠርዝ ላይ "በስህተት የተላከ፤ ነፍስ ይማር የተባለውም በስህተት ነው" ብዬ ጻፍኩና ማኅተም መታሁ። ማኅተሙን የማስቀምጠው ካልሲ ውስጥ ነው። ንጹሕ ካልሲ።

ማክሰኞ

በቀለ ሞተ። ከእኔ አራት ቤት ዝቅ ብሎ የሚኖረው፣ የወሎ ሰፈር መስመር የታክሲ ሹፌር። ትናንት ረፋድ ላይ ትንፋሽ አጠረውና ልጁ ሐና ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። ኦክስጅን የለም አሏት። በበሩ መስታወት አሻግራ ብታይ ሲሊንደሮቹ ተደርድረው ቆመዋል። ነርሷን ጠየቀቻት። "ተይዘዋል" አለቻት፣ ፊቷን አዙራ።

ሚስቱ ወይዘሮ ሙሉ መርዶውን ግሩፑ ላይ ጻፈች። ገለበጥኩ። ይኼኛውን አንብቤ።

የቡታጋዝ አልነበረም።

ረቡዕ

ቀበርነው። ሰው በቁጥር፣ ርቀት በሜትር፣ ማቀፍ ክልክል።

ክቡር ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርበው ኦክስጅን በየትኛውም ሆስፒታል አልጎደለም አሉ። እውነታቸውን ነው። አልጎደለም፣ ተይዞ ነው።

ሆስፒታሉ ለሐና የሰጣት ወረቀት ላይ "ታማሚው ዘግይቶ ነው የመጣው" ይላል። ልጅቷ ያንን መስመር በቃሏ ይዛዋለች። ለካ መታወቂያውን ረስታ ከመንገድ ተመልሳ ነበር።

"አሥር ደቂቃ ነው ጋሼ። አሥር ደቂቃ አዘገየሁት። እኔ ነኝ" አለችኝ።

አይደለሽም ማለት ነበረብኝ፤ በርቺ ብያት ሄድኩ። ፈሪ ነኝ፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ልመን። እህል ከቀመሰች ሁለት ቀኗ ነው።

ሐሙስ

ሐና የሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደች። ሠልስት ሳይወጣ ምን ዓይነት ልጅ ናት ብለው ሴቶቹ አሟት። ስለ ሲሊንደሮቹ የተሰጠ ትእዛዝ ካለ ይሰጠኝ ብላ ማመልከቻ አስገባች። ማንም ዜጋ መጠየቅ ይችላል የሚል ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል አሉ። ባለፍሬም ነው።

ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሳበላት። ሰነድ ካለ እንሰጣለን፣ ደብዳቤ ግን አልተጻፈም አላት። በስልክ የተጻጻፉት ካለስ ብትለው፣ እሱ የግል ነው አለ። የሰውየው ስልክ፣ የሰውየው ጣት፣ የግል። የሞተው ብቻ ነው የሕዝብ።

ዓርብ

የሚኒስትሩ ረዳት አዲስ ድስት ይዞ መጣ። ባለ ክዳን። ክቡርነታቸው ስለ ክዳኑ መጥፋት ግሩፑ ላይ አንብበው ከልብ አዝነዋል አለ። ስለ በቀለ ግን ያነበቡ አይመስለኝም፤ እስካሁን አንዲት ቃል አልጻፉም።

ረዳቱ ከሄደ በኋላ ሊቀመንበራችን አቶ ጌታሁን ድስቱን እየደባበሰ ወደ ጉዳዩ ገባ። የሰኞዋ ገጽ የክቡርነታቸው የግል ጉዳይ ያለባት ናት፤ እሑድ ረዳቱ ሲመለስ ቀድጄ እንድሰጠው ነው ያለኝ።

"ገጾቹ ቁጥር አላቸው" አልኩት።

"አንተ ታደሰ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ቁጥር የምታከብረው?"

ከሰዓት በኋላ የበቀለ ሚስት ወይዘሮ ሙሉ መጣች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። አልተቀመጠችም።

"ጋሽ ታደሰ፣ ሰኞ እኔም ነፍስ ይማር ብያለሁ። በቀለ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሆስፒታል ሊሄድ ጫማውን እያሰረ። ማን ሞተ አለኝ፣ የሚኒስትሩ ዘመድ አልኩት።"

መዝገቡን ሳብኩ።

"ሰውየውን ልክሰስ አላልኩም። የመልእክቱን ሰዓት ስጠኝ። ልጄ ሰዓቱን በዓይኗ ትየው።"

አምስት ሰዓት። በእኔ እጅ ጽሑፍ። ሐና አባቷን ይዛ ከቤት ስትወጣ ሲሊንደሮቹ ተይዘው ነበር። ብትበርም አትደርስም ነበር።

ቅዳሜ

መተዳደሪያ ደንባችንን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ማንኛውም አባል መዝገብ ይታይልኝ ማለት አይችልም። የሟች ቤተሰብ ግን የሟቹን መርዶ ግልባጭ የማግኘት መብት አለው። የሰኞዋ ገጽ ደግሞ በእኔው ማኅተም "ስህተት" ተብላለች እንጂ የማንም መርዶ አይደለችም።

ስለዚህ ጠዋት ካልሲውን ፈታሁና መዝገቡን አረምኩት። ወሎ ሰፈር ወርጄ ገጿን ከነማረሚያዋ ኮፒ አስደረግኩ፣ ለሐና በእጇ ሰጠኋት። ሰዓቱ ላይ ጣቷን አድርጋ ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም። እናቷ ያቀረበችላትን ሾርባ ግን ሁለት ማንኪያ ቀመሰች፤ ቆጥሬያለሁ።

ነገ ረዳቱ ይመጣል። ሹራብና የጥርስ ብሩሽ በቦርሳ አዘጋጅቻለሁ። ምናልባት አያስፈልግም። መዝገቡ ላይ ያሰፈርኩት ቃል በቃል ይኸው፦

ማረሚያ። አንደኛ፣ የትልቁ ድስት ክዳን ጠፍቷል ተብሎ ሰኞ የተገለጸው ስህተት ነው፤ ክዳኑ በሊቀመንበሩ ግቢ የውሃ በርሜል ከድኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አዲሱ ድስት ከነክዳኑ ለላኪው ይመለስ።

ሁለተኛ፣ ሰኞ አምስት ሰዓት የተመዘገበው መልእክት ጠርዝ ላይ "በስህተት የተላከ፤ ነፍስ ይማር የተባለውም በስህተት ነው" የሚለው ተሰርዟል። መልእክቱ የአባላችን የአቶ በቀለ መርዶ ነው። አባላቱ ነፍስ ይማር ያሉት በትክክል ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ቀድመዋል።