አንቀጽ ዘጠኝና የአበባ ለቅሶ

ሰኞ
ኪነታችን የሚጓዘው ሮም ነው አሉ። ሮም! የኪነታችን ኃላፊ ጓድ መኮንን ሲናገር ከበሮው ላይ ቁጭ አልኩ። አብራኝ የምትዘፍነው ዘሃራ «ምን ሆኑ?» ስትለኝ «ቁርስ አልበላሁም» አልኩ። ቀጣፊ! ልጄ አበባ ያለችው ሮም ነው። በሱዳን በኩል ጠፍታ ከሄደች ወዲህ ያየኋት በአንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ሾፌር ጫማው ውስጥ ደብቆ ነው ያመጣልኝ። ከስታለች ልጄ።
በወልድያ ኪነት አምባሰል የምዘፍነው እኔ ነኝ። እኔን ትተው ማንን ይወስዳሉ?

ማክሰኞ
መርሳ ዋልን። የዚያው የሀብሩና የእኛ ኪነት አንድ ላይ ሆኖ ባህላችንን ውጭ አገር የሚያስተዋውቅ ማኅበር ሊሆን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ደንብ ያስፈልጋል ተባለ። «ማኅበሩ ለትርፍ አይሠራም» ሲባል ሳቅን። ትርፍ የት አይተን! በየአንቀጹ እጅ ማውጣት ነው።
ዘጠነኛው ላይ፦ «ከአገር የኮበለለ የቅርብ ዘመድ ያለው አባል በጉዞው አይካተትም።» ከአውራጃ የመጣው ሰው ዙሪያውን ያያል። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ፤ ባላወጣስ ለምን ሊሉኝ አይደል? ዘሃራ መሬት መሬት ታያለች።
ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንድም ሰው አልዘፈነም።

ረቡዕ
መኮንን ቤቴ መጣ። ጓድ ይባል እንጂ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ አበባን አዝሎ አሳድጓታል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ አንድ መላ አለ» አለኝ። «ሞታለች እንበል። መርዶ መጣ ብለው ለቅሶ ይቀመጡ። የሞተ ሰው ኮብላይ አይባልም። ከዚያ ሄደው ያይዋታል።»
«በቁሟ ላልቅሳት? ሟርት ነው እኮ!»
«ሟርቱ ይቅርብዎና ልጅዎን ያግኙ።»
ላስብበት አልኩት።

ሐሙስ
ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ መስታወት ፊት ቆምኩ። ዘገነነኝ። መልሼ አስተካከልኩት። ፎቶዋን አየሁና ደግሞ አዘቀዘቅኩት። አሁንም አልወሰንኩም። እመብርሃን ትወስንልኝ።

ዓርብ
መኮንን ሆዬ፣ ላስብበት ያልኩትን እሺ አድርጎታል! በጠዋት የቅሬው፣ የዕድራችን ጡሩንባ ተነፋ። እስላሙም ክርስቲያኑም ንፍሮውን ይዞ ግቢዬን ሞላው። የቅሬያችን ዳኛ ሼህ ሰይድ በምርኩዛቸው ከፊት ናቸው። የአውራጃውም ሰው በር ላይ ቆሟል።
ምን ላድርግ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ። ዝም ብዬ እችለው ነበር። አስለቃሿ «አበባዬ፣ አፈር ለበስሽ ወይ» ስትል ግን አልቻልኩም። ተነሥቼ ጮህኩ።
«ልጄ አልሞተችም! አለች! ሮም ናት!»
 የአውራጃው ሰው ማስታወሻው ላይ ጽፎ ወጣ። መኮንን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይህን ሁሉ ሰው ሥራ አስፈትቼ፣ እንባውን አስጨርሼ! ሊረግሙኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ሼህ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «ለመርዶ መጥተን ምሥራች ሰማን። ቅሬ የሞተ እንጂ ያለ አይቀብርም።» እጃቸውን ዘርግተው «ዓይን ለዓይን ያገናኛችሁ» ብለው መረቁ። አሜን ተባለ። ንፍሮውም ተበላ።
ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው እኔን ለቅሶ የያዘኝ። ሮም በገዛ አፌ ቀረች።

ቅዳሜ
ቀበሌ ጠሩኝ። መርዶውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ መኮንን አያውቅም አልኩ። አበባን ያዘለበትን ውለታ መለስኩለት። ከተጓዦቹ መዝገብ ስሜ ተሠርዟል።

እሑድ
ሄዱ። አምባሰሉን ዘሃራ ትዘፍናለች፤ ድምፅ አላት፣ አልዋሽም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ያን ነጠላዬን ሰጠኋት። «መድረክ ላይ ልበሽው። አበባ ካየችው በጥለቱ ታውቀዋለች።»
«ምን ልበላት፣ እትዬ?»
ይህን ሁሉ ዓመት ያጠራቀምኩት ነገር ሁሉ ጠፋኝ። «እናትሽ አለች በያት» አልኩ።
አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ትዝ አለኝ፤ የአበባን ሰፈር አልነገርኳትም። ለነገሩ እኔስ መች አውቀዋለሁ?